«ውቅያኖስ ላይ የአውሮፕላን ፍጥነት የሚለካ የለም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው እየተቀባበለው ያለ አንድ ረዥም ጽሑፍ አለ፣ እኔ ጋም ደርሷል፣ የላኩልኝ አብዛኞቹ ፊዚክስ ያስተማርኳቸው ልጆች ናቸው፣ «ቲቸር ይሄ ነገር እውነት ነው እንዴ?» እያሉ። ጽሑፉን ላላነበበው ባጭሩ እንዲህ ነው የሚለው፦ ረዥም የውቅያኖስ በረራ ላይ የአውሮፕላንን ፍጥነት በትክክል የሚለካ የለም፣ ወንበራችን ፊት ያለው ስክሪን ላይ የሚታየው ቁጥር የኮምፒውተር ግምት ነው፤ አንዳንዴ በዜና የምንሰማው በሰዓት 1,300 ምናምን ኪሎ ሜትር የሚል ፍጥነት ከድምፅ ፍጥነት ስለሚበልጥ ውሸት ነው፤ ፓይለቶቹ ራሳቸው ፍጥነታቸውን እንደማያውቁ የኤር ፍራንስ 447 አደጋ ያሳያል፤ ጸሐፊው በስልኩ አክስለሬሽን ለክቶ አንዴ ዜሮ አንዴ የማይሆን ቁጥር አግኝቷል፤ ምድር ብትሽከረከር ኖሮ ወደ ምዕራብ የሚበር አውሮፕላን ወዲያው ይደርስ ነበር፤ በደቡብ ንፍቀ ክበብ አሉ የሚባሉት የውቅያኖስ በረራዎችም በተባለው ሰዓት ሊደርሱ አይችሉም። ከዚህ ሁሉ ተነስቶ ምድር ጠፍጣፋ ናት ይላል።

ጸሐፊውን አላውቀውም፣ ስድብ ውስጥም አልገባም። እንደውም አንድ ነገሩን ወድጄለታለሁ፣ ስልኩን አውጥቶ ለክቷል፣ ከሰው ሰምቶ ከሚያወራ ሰው ይሄ በጣም ይሻላል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ፍጥነት ሲባል «ከምን አንጻር?» የሚል ጥያቄ ሁሌም አብሮት አለ፣ ከአየሩ አንጻር ነው፣ ከመሬቱ ነው፣ ወይስ ከምድር ዘንግ? ጽሑፉ ውስጥ ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ይሄን ጥያቄ ከመዝለል ነው። በየተራ እንያቸው።

«ውቅያኖስ ላይ ራዳር ስለሌለ ማንም አይለካም» የሚለው ግማሹ ልክ ነው። መሬት ላይ የተተከለ ራዳር አትላንቲክ መሃል አይደርስም። በስልካችን የምንከፍታቸው የበረራ መከታተያ አፖችም በብዛት የሚሠሩት አውሮፕላኑ የሚልከውን ሲግናል መሬት ላይ ባሉ አንቴናዎች እየተቀበሉ ነው፣ 10,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ አውሮፕላን እስከ 400 ኪሎ ሜትር አካባቢ ድረስ ይሰማል ከዛ ይጠፋል፣ አፑም መስመሩን በግምት ይቀጥላል። እዚህ ጋ ጸሐፊው «ለምን 400 ላይ ይጠፋል?» ብሎ መጠየቅ ነበረበት። ሲግናሉ ጉልበት አንሶት እንዳይባል፣ ያው ራሱ ሲግናል ከ2019 ጀምሮ 780 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ በሚዞሩት የኢሪዲየም ሳተላይቶች እየተያዘ ነው፣ አውሮፕላኑ ላይ ምንም አዲስ ዕቃ ሳይጨመር፣ እና ሳተላይቱ ሁሌ ከአናቱ በላይ ስለማይሆን ርቀቱ ብዙ ጊዜ ከ780ም ይበልጣል። ሲግናሉ ያን ሁሉ ርቀት ወደ ላይ መሄድ ከቻለ መሬት ላይ ያለው አንቴና 500 ኪሎ ሜትር ላይ የማይሰማው ምን ሆኖ ነው? አውሮፕላኑ ከአድማስ በታች ስለወረደ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። በጠፍጣፋ ምድር ላይ አውሮፕላን ወርዶ የሚሸሸግበት አድማስ የለም። ለጽሑፉ ዋና ማስረጃ ተብሎ የቀረበው ነገር ጽሑፉን ራሱን ነው የሚያፈርሰው።

ከሳተላይቶቹ በፊትስ? ከሳተላይቶቹ በፊትም ይለካ ነበር፣ ያውም በእርሳስና በሰዓት። ሰሜን አትላንቲክን የሚሻገር አውሮፕላን በየ10 ዲግሪ ኬንትሮሱ «እዚህ ነጥብ ላይ በዚህ ሰዓት ደርሻለሁ፣ ቀጣዩ ላይ በዚህ ሰዓት እደርሳለሁ» ብሎ በሬዲዮ ሪፖርት ያደርግ ነበር፣ ምሥራቁን በኩል ሻንዊክ የሚባለው የእንግሊዝና የአየርላንድ ቁጥጥር ይቀበለው ነበር፣ ምዕራቡን በኩል ካናዳ ያለው ጋንደር፣ ድንበራቸው 30 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ነው። በ50 ዲግሪ ሰሜን ላይ 10 ዲግሪ ኬንትሮስ ማለት 715 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አውሮፕላኑ ከአንዱ ነጥብ ሌላው ጋ በ43 ደቂቃ ከደረሰ በሰዓት ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ሄዷል ማለት ነው። ይሄን ለማስላት ስምንተኛ ክፍል ይበቃል። ደግሞ ነገሩ ለወሬ አይደለም የሚለካው፣ በአንድ መስመር በአንድ ከፍታ ተከታትለው የሚበሩ አውሮፕላኖች እንዳይጋጩ ለእያንዳንዱ «ማክ 0.84 ያዝ» ተብሎ ከድምፅ ፍጥነት አንጻር የተቆረጠ ፍጥነት ሲሰጥ ነው የኖረው፣ ሁሉም ያንን ከጠበቀ መሃላቸው ያለው ርቀት ሰዓታት ሙሉ አይጠብም። ማንም ፍጥነቱን በትክክል የማይለካ ቢሆን ኖሮ ይሄ አሠራር ገና በመጀመሪያው ሳምንት ሰው ይጨርስ ነበር።

የማሌዥያውን ኤምኤች370ን አስታውሱ፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 8 ቀን 2014 239 ሰው ይዞ የጠፋውን። መከታተያው ጠፍቶ፣ ሬዲዮው ዝም ብሎ፣ ከራዳርም ወጥቶ፣ የቀረው ነገር የኢንማርሳት ሳተላይት ጋ በየሰዓቱ ገደማ የተለዋወጣት አጭር ሲግናል ብቻ ነበረች፣ መልእክት እንኳን የላትም። ከዛች ሲግናል የመዘግየት ጊዜ ከሳተላይቱ ያለውን ርቀት አወጡ፣ ከፍሪኩዌንሲዋ መዛነፍ ደግሞ (ዶፕለር የሚባለው፣ የሚጠጋና የሚርቅ መኪና ክላክስ ድምፁ የሚለየው በዚሁ ነው) አውሮፕላኑ ወደ ደቡብ ሕንድ ውቅያኖስ እንደሄደ አወቁ። በቀጣዩ ዓመት ሐምሌ የክንፉ ክፍል ሬዩንዮን ደሴት ዳርቻ ላይ ተገኘ። አውሮፕላኑ እስካሁን አልተገኘም፣ ለቤተሰቦቹ ከባድ ነገር ነው፣ ግን «ማንም መለካት አይችልም» ለሚል ሰው ይሄ ታሪክ በቂ መልስ ነው።

ስክሪኑ ላይ ያለውን ቁጥር በተመለከተ፣ እሱ የሚመጣው አውሮፕላኑ ራሱ ከሚበርበት መሣሪያ ነው፣ ከጂፒኤስና ከኢነርሺያል ሲስተሙ (ያለ ውጭ ሲግናል የራሱን እንቅስቃሴ እየለካ ያለበትን ከሚያወጣው መሣሪያ)፣ ስለ ኢነርሺያሉ ወደ ታች በደንብ እመለስበታለሁ።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ፣ የድምፅ ፍጥነት። እ.ኤ.አ. የካቲት 2020 የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 747 ከኒውዮርክ ለንደን በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ገባ፣ መሃል ላይ የታየው ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 1,327 ኪሎ ሜትር ነበር። ከዛ አንድ ዓመት በፊት ደግሞ የቨርጂን አትላንቲክ 787 ፔንሲልቬኒያ ላይ በሰዓት 1,289 ኪሎ ሜትር ደርሶ ነበር። ጸሐፊው «የድምፅ ፍጥነት 1,225 ነው፣ ተሳፋሪ አውሮፕላን ደግሞ ድምፅን መብለጥ አይችልም፣ ስለዚህ ቁጥሩ የፈጠራ ነው» ይላል። 1,225 ልክ ነው፣ ግን የባሕር ወለል ላይ 15 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ነው። የድምፅ ፍጥነት በሙቀት ነው የሚወሰነው፣ እዛ ላይ ከዜሮ በታች 56 ዲግሪ ውስጥ 1,062 ገደማ ነው፣ ስለዚህ ጸሐፊው በራሱ ሂሳብ ቢሄድ ልዩነቱ ካሰበውም ይሰፋ ነበር።

ግን 1,327ቱ ከመሬት አንጻር ነው። ክንፉ መሬትን አያውቅም፣ ክንፉ የሚያውቀው በላዩ የሚያልፈውን አየር ነው፣ የድምፅ ግድግዳ የሚባለውም ከአየሩ አንጻር ብቻ ነው ትርጉም ያለው። ያን ቀን ሲያራ የሚባለው ማዕበል አትላንቲክ ላይ ጄት ስትሪሙን (ከፍታ ላይ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰውን ኃይለኛ ንፋስ) አጠንክሮት ነበር፣ 747 እንደ ወትሮው ከድምፅ ፍጥነት 85 እና 86 በመቶ ላይ ማለትም በሰዓት ከ900 እስከ 930 አካባቢ በአየሩ ውስጥ እየሄደ አየሩ ራሱ ደግሞ ወደ 400 የሚጠጋ እየነዳ ሲወስደው ድምሩ እዛ ይደርሳል። ባሮ ወንዝ ላይ ጀልባ የቀዘፈ ሰው ይሄን ያውቀዋል፣ ወደ ታች ስትሄድ ዳር ያለው ዛፍ ቶሎ ያልፍሃል፣ ክንድህ ግን የተለየ ነገር አልሠራም።

ፓይለቱ ፊት ደግሞ ሌላ ሦስተኛ ቁጥር አለ። አፍንጫው ጎን ያሉት ፒቶት ቲዩብ የሚባሉት ትንንሽ ቱቦዎች የሚገባባቸውን አየር ግፊት ለክተው የሚያሳዩት ፍጥነት ነው፣ እዛ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ በአየሩ ውስጥ 900 እየሄደ ይሄኛው ከ500 ትንሽ የሚበልጥ ነው የሚያነበው። ለፓይለቱ ግን የሚጠቅመው እሱ ነው፣ ክንፉ ምን ያህል ተሸክሞ እንዳለ የሚነግረው ስለሆነ። ስለዚህ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ አውሮፕላን፣ 530፣ 910 እና 1,300 የሚሉ ሦስት ቁጥሮች ሊኖሩ ይችላሉ፣ ሦስቱም እውነት ናቸው። የኛ አገር ሰው ይሄን ቦሌ ላይ ሳይነሳ ማየት ይችላል፣ ቦሌ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለ አየሩ ከባሕር ወለሉ በ20 በመቶ ገደማ ይሳሳል፣ አውሮፕላኑ አዲስ አበባ ላይ ለመነሳት ባሕር ዳርቻ ካለ ኤርፖርት ይልቅ በመሬት ላይ በ12 በመቶ የበለጠ መሮጥ አለበት፣ የፓይለቱ መለኪያ ላይ ግን ሁለቱም ጋ ያው አንድ ቁጥር ነው የሚነበበው። ሞተሩም ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ለዚህ ነው ከዋሽንግተን በቀጥታ አዲስ አበባ የሚመጣው በረራ ሲመለስ ደብሊን ወይ ሎሜ አርፎ ነዳጅ ሲሞላ የኖረው፣ ቦሌ ላይ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ሰው ይዞ መነሳት ስለሚከብደው ነው፣ ከዛ ላይ ደግሞ ንፋሱ ከፊት ነው።

አሁን ኤር ፍራንስ 447። ይሄን ነጥብ ስጽፍ በጥንቃቄ ነው፣ 228 ሰው የሞተበት ነገር ነው፣ ጽሑፉ ግን በሁለት መስመር «ፓይለቶቹ ፍጥነታቸውን ስለማያውቁ ወደቁ፣ አያችሁ መለካት አይቻልም» ብሎ አልፎታል። የሆነው እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 31 ቀን 2009 ማታ ኤርባስ ኤ330 ከሪዮ ዲ ጄኔሮ ወደ ፓሪስ ተነሳ። ሌሊት አትላንቲክ መሃል ማዕበል ያለበት አካባቢ ሲገቡ ፒቶት ቲዩቦቹን የበረዶ ቅንጣት ደፈናቸው፣ የሚነበበው ፍጥነት ወዲያው ዘቀጠ፣ አውቶፓይለቱም የማያምነውን ቁጥር ይዞ ስለማይበር ለቀቀው። ቱቦዎቹ ተደፍነው የቆዩት አንድ ደቂቃ እንኳን አይሞላም። በዛች ጊዜ ግን መሪውን የያዘው ፓይለት አፍንጫውን ወደ ላይ ሳበው፣ አውሮፕላኑ ወጣ፣ ፍጥነቱን ጨረሰ፣ ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም አቃተው፣ ከዛ በኋላ አፍንጫው ወደ ላይ እንደተቀሰረ ሦስት ደቂቃ ተኩል ያህል ወደቀ።

ልብ በሉ፣ የጠፋው አንድ ዓይነት መለኪያ ብቻ ነው፣ ከአየሩ አንጻር ያለው። ኢነርሺያል ሲስተሙ እስከ መጨረሻው ሰከንድ ሲለካ ነበር፣ ብላክ ቦክሱ በ2011 ከ3,900 ሜትር ጥልቀት ሲወጣ የመጨረሻው ምዝገባ ላይ ከመሬት አንጻር 107 ኖት (ወደ 200 ኪሎ ሜትር በሰዓት)፣ ወደ ታች ደግሞ በደቂቃ 10,912 ጫማ የሚል ተገኝቶበታል፣ ይሄም ቁልቁል በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። የፈረንሳዩ የአደጋ ምርመራ ቢሮ በ2012 ያወጣው ሪፖርት ከዚህ ተነስቶ ነው ስለ ቱቦዎቹም ስለ ፓይለቶች ሥልጠናም የጻፈው። መለካት ስለማይቻል አይደለም ሰዎቹ የሞቱት፣ ከመለኪያዎቹ አንዱ ለአጭር ጊዜ ሲበላሽ በሌሎቹ ተመርቶ አውሮፕላኑን ቀጥ አድርጎ መያዝ ስላልተቻለ ነው። ይሄን አገላብጦ «መለኪያ ውሸት ነው» ለሚል ነገር መጠቀም ተገቢ አይደለም፣ ጸሐፊው ቢያንስ ይሄን አንቀጽ ቢያወጣው ደስ ይለኛል።

ስልኩ ጋ እንምጣ፣ ይሄኛው ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። ጸሐፊው ፊቱ ባለው የምግብ ጠረጴዛ ላይ ስልኩን አስቀምጦ በአፕ አክስለሬሽን (ሽምጠት) ለካ። መጀመሪያ ቁጥሩ ዜሮ አካባቢ ስለነበር «900 እየሄደ ነው የተባለ ነገር እንዴት ዜሮ ያሳያል?» ይላል፤ ቀጥሎ ደግሞ ቁጥሮቹን ለአንድ ሰዓት ደምሮ ፍጥነት ሲያወጣ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ ሆነበት፣ ስለዚህ «ምንም አይታመንም» ብሎ ዘጋው።

የመጀመሪያው ቀላል ነው። አክስለሬሽን የፍጥነት ለውጥ ነው። ፍጥነቱ ካልተለወጠ 900ም ይሁን 9,000 መልሱ ዜሮ ነው። ክሩዝ ላይ ያለ (ከፍታውን ይዞ በቋሚ ፍጥነት የሚበር) አውሮፕላን የሞተሩ ግፊትና የአየሩ ጉተታ እኩል ስለሆኑ ነው ሆስተሷ ቡና ስትቀዳልህ ቀጥ ብሎ የሚወርደው። ጸሐፊው ዜሮ ማግኘቱ የመለኪያው ጤንነት ነው የሚያሳየው።

ሁለተኛው ነው የሚያስተምረው። ስልክ ውስጥ ያለው ሴንሰር እንቅስቃሴንና የመሬት ስበትን ለይቶ አያውቅም፣ ሁለቱም ለሱ አንድ ናቸው። ስልኩ ፍጹም አግድም ካልሆነ ከስበቱ ትንሽ ቁራጭ ወደ ፊት ወይ ወደ ኋላ ይፈስና «አክስለሬሽን» ተብሎ ይመዘገባል። ምን ያህል? አንድ ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል 9.8 ሲባዛ በአንድ ዲግሪ ሳይን 0.17 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ነው። ይሄን ለአንድ ሰዓት ማለትም 3,600 ሰከንድ ደምሩት፣ 616 ሜትር በሰከንድ ይመጣል፣ በሰዓት 2,200 ኪሎ ሜትር! የጸሐፊው ቁጥር በትክክል የዚህን ያህል መሆኑ አጋጣሚ አይመስለኝም። የተሳፋሪ አውሮፕላን ክሩዝ ላይ አፍንጫው ሁለትና ሦስት ዲግሪ ቀና ብሎ ነው የሚበረው፣ ጋሪ የሚገፉት ሆስተሶች ወደ ፊት ሲሄዱ ዳገት የሚሆንባቸው ለዚህ ነው፣ ጠረጴዛውም የራሱ ዘመም ያለ ነገር አለው። ስለዚህ ወንድሜ የለካው የአውሮፕላኑን ፍጥነት አይደለም፣ የጠረጴዛውን ማዘንበል ነው፣ ያውም በደንብ ለክቶታል።

ታዲያ የአውሮፕላኑ ኢነርሺያል ሲስተምም አክስለሬሽን እየደመረ አይደል እንዴ የሚሠራው? አዎ፣ ሐሳቡ አንድ ነው። ልዩነቱ ሁለት ቦታ ላይ ነው። ሴንሰሮቹ ከስልኩ በመቶ እጥፍ የሚበልጥ ጥራት አላቸው። ከዛ በላይ ግን ማዘንበሉን በየቅጽበቱ የሚነግሩት የሌዘር ጋይሮዎች (መዞርን የሚለኩ ሴንሰሮች) አሉት፣ ስበቱን በትክክል ቀንሶ ነው የሚደምረው። አደማመሩም ከምድር ክብነት ጋር ተያይዞ የተሠራ ስለሆነ ትንሽ ስህተት ስትገባ ዝም ብላ አታድግም፣ በ84 ደቂቃ ዙር ወዲያ ወዲህ ትወዛወዛለች፣ ሹለር የሚባል ጀርመናዊ ያወጣው ነው፣ 84ቱ ደቂቃ ደግሞ የሚመጣው ከምድር ራዲየስ ነው፣ 6,371 ኪሎ ሜትር የሚለውን ቁጥር ካላስገባህበት መሣሪያው አይሠራም። በዚህ መንገድ ከ1970 ጀምሮ 747 ያለ ጂፒኤስ ውቅያኖስ ሲያቋርጥ ኖሯል፣ ደህና ሲስተም በሰዓት የሚስተው አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መሣሪያው ደህና ሆኖ ሰው ሲረሳውስ ምን ይሆናል? የኮሪያው የመንገደኞች አውሮፕላን፣ በረራ 007፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 31 ቀን 1983 አላስካ ካለችው አንኮሬጅ ሲነሳ አውቶፓይለቱ ኢነርሺያሉን እንዲከተል ሳይደረግ በኮምፓስ አቅጣጫ ብቻ ሄደ፣ ቀስ እያለ ሶቪየት ክልል ገባ፣ ተመትቶ 269 ሰው አለቀ። ፕሬዝዳንት ሬገን ጂፒኤስ ለሲቪሉም ይከፈታል ያሉት ከዛ በኋላ ነው። ዛሬ ጸሐፊው ኪስ ውስጥ ያለው ጂፒኤስ ከዛ ሐዘን የመጣ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ምድር መሽከርከሯ። «አውሮፕላኑ ከተነሳ በኋላ ምድር ከሥሩ በሰዓት 1,670 ስለምትሄድ ምዕራብ ያለ አገር ራሱ ይመጣለት ነበር» ይላል። ቦሌ ላይ የቆመው አውሮፕላን ከምድር ዘንግ አንጻር በሰዓት 1,650 ወደ ምሥራቅ እየሄደ ነው፣ ኤርፖርቱም፣ አየሩም፣ እኛም። ሲነሳ ይሄን ፍጥነት የሚነጥቀው ኃይል ምንድነው? የለም። ካልተነጠቀ አብሮት ይሄዳል።

ሆኖም መሽከርከሯ ፈጽሞ አይታይም ማለት አይደለም፣ ይታያል፣ በአክስለሬሽን በኩል። ምድር ወገብ አካባቢ በሰዓት 900 ወደ ምሥራቅ ስትበርና ወደ ምዕራብ ስትበር ክብደትህ በ0.7 በመቶ ገደማ ይለያያል፣ 70 ኪሎ የሆነ ሰው ወደ ምሥራቅ ሲበር ወደ ምዕራብ ሲበር ከሚመዝነው በግማሽ ኪሎ ያህል ይቀላል። ሀንጋሪያዊው ኤትቮሽ ይሄን ያወቀው ከመርከብ ላይ ከተወሰዱ የስበት ልኬቶች ነው፣ በ1908 ጥቁር ባሕር ላይ ሁለት መርከቦች አንዷ ወደ ምሥራቅ አንዷ ወደ ምዕራብ እየሄዱ ተለክቶ ተረጋገጠ። የአውሮፕላኑ ኢነርሺያል ሲስተምም በየበረራው ይሄን ቀንሶ ነው የሚሠራው።

ከዚህ ሁሉ ለኔ በጣም ደስ የሚለኝ ግን አውሮፕላኑ ገና ሳይንቀሳቀስ የሚሆነው ነገር ነው። ፓይለቶቹ ከመነሳታቸው በፊት ሲስተሙን ያስነሱና የቆሙበትን ኬክሮስና ኬንትሮስ አስገብተው ደቂቃዎች ይጠብቃሉ፣ በዛ ጊዜ አውሮፕላኑ መንቀሳቀስ የለበትም፣ ቢንቀሳቀስ እንደገና ይጀምራል። ምን እየሠራ ነው? ጋይሮዎቹ የምድርን መሽከርከር እየለኩ ነው፣ በሰዓት 15 ዲግሪ፣ ከዛ ተነስተው ሰሜን የት እንደሆነ ያገኛሉ፣ ያለ ኮምፓስ፣ ያለ ሳተላይት። ምድር ወገብ አካባቢ ቶሎ ያልቃል፣ ወደ ዋልታው ሲጠጉ ይረዝማል፣ ክብ ሆና በምትሽከረከር ምድር ላይ የሚጠበቀውም ይሄው ነው። አሁን ስታነቡት ቦሌ በር ላይ ቆሞ ይሄን እየሠራ ያለ አውሮፕላን ሊኖር ይችላል።

«ምድር ክብ ከሆነች አፍንጫውን ሁሌ ወደ ታች መድፋት ነበረበት» ለሚለው ባጭሩ፦ በሰዓት 900 የሚሄድ አውሮፕላን መከተል ያለበት ኩርባ በሰዓት 8 ዲግሪ ነው፣ በደቂቃ የዲግሪ አንድ ስምንተኛ ገደማ። አውቶፓይለቱ የአየር ግፊቱን እየተከተለ ከፍታ ሲጠብቅ ሳይታወቅ ይካተታል። የሚያስፈልገው አክስለሬሽን ደግሞ 0.01 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ነው፣ የስበት አንድ ሺኛ፣ ሰው አይሰማውም።

የደቡቡ በረራ ላይ ጸሐፊው በጣም እርግጠኛ ነው፣ እኔ ደግሞ ነገሩን ሁሉ የሚቆርጠው ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ምክንያቱም የሚያስፈልገው የበረራ ሰዓትና ሂሳብ ብቻ ነው። ሁለት መስመር እናወዳድር። አንዱ ብዙዎቻችን የምናውቀው ነው፣ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ፣ በክብ ምድር ላይ ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር፣ 13 ሰዓት ገደማ። ሌላው ከሲድኒ ሳንቲያጎ ቺሊ፣ በክብ ምድር ላይ ወደ 11,300 ኪሎ ሜትር፣ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ካንታስ ከ2012 ጀምሮ የሚበረው፣ ፓሲፊክን ከደቡብ የሚያቋርጥ። ርቀቱ ይቀራረባል ሰዓቱም ይቀራረባል፣ ሁለቱም ጋ ቦይንግ 787 በሯል።

አሁን ጽሑፉ ላይ በተለጠፈው ካርታ፣ ሰሜን ዋልታ መሃል ላይ አንታርክቲካ ዙሪያውን የሆነበት፣ እንለካ። ዋሽንግተን አዲስ አበባ 12,600 ገደማ ይሆናል፣ በ13 ሰዓት በሰዓት 970፣ እሺ እንበል፣ ንፋስም አለ። ሲድኒ ሳንቲያጎ ግን በዛ ካርታ ከ25,600 በላይ ነው። በ12 ሰዓት ተኩል ለመድረስ በሰዓት 2,050 መብረር አለበት፣ የድምፅን ፍጥነት እጥፍ ሊጠጋ፣ በኮንኮርድ ፍጥነት፣ በ787። ነዳጁስ? ለ25,600 ኪሎ ሜትር የሚበቃ ነዳጅ የሚይዝ ተሳፋሪ አውሮፕላን ዓለም ላይ የለም። ጸሐፊው «ስለዚህ በረራው የለም» ይላል፣ ግን ትኬቱ በየሳምንቱ ይሸጣል፣ ሰው ይሳፈርበታል፣ ከሲድኒ ተነስቶ የቀን መለወጫውን መስመር ስለሚያልፍ ያንኑ ቀን ከተነሳበት ሰዓት ቀድሞ ሳንቲያጎ ይገባል። ሲመለስ ደግሞ ንፋሱ ከፊቱ ስለሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ ይጨምራል፣ ልክ ሰሜን አትላንቲክ ላይ እንደሚሆነው።

ጸሐፊው በሚቀጥለው በረራው እንደገና ቢለካ ደስ ይለኛል፣ የሚጠቅመውን ልጻፍለት። ጂፒኤስ ተቀባይ ብቻ ስለሆነ አብዛኛው ስልክ ላይ ኤርፕሌን ሞድ ውስጥም ይሠራል፣ መስኮት ዳር ወንበር ያዝ፣ ስልኩን መስታወቱ ላይ አስጠጋው፣ ሳተላይቶቹን እስኪያገኝ ትንሽ ይቆያል። ስክሪኑ ላይ ያለውን ቁጥር አትይ፣ በየ10 ደቂቃው ኬክሮስና ኬንትሮስህን ብቻ ጻፍ፣ ርቀቱን ቤት ገብተህ በእጅህ አስላው፣ አንዴ በክብ ምድር አንዴ በካርታህ፣ የትኛው የማይዘል ፍጥነት እንደሚሰጥህ እይ። በተለይ ከምድር ወገብ በታች ከወረድክ፣ ለምሳሌ ከአዲስ አበባ ሳኦ ፓውሎ ስትሄድ። አክስለሬሽን መለካት ከፈለግክ ደግሞ ክሩዝ ላይ ሳይሆን ሲነሳ ለካ፣ የሚደመረው ለ40 ሰከንድ ብቻ ስለሆነ ስህተቱ አያድግም። አፕም አያስፈልግህም፣ የኢርፎንህን ገመድ በጣትህ አንጠልጥለህ ያዘው፣ አውሮፕላኑ ሲሮጥ ወደ ኋላ ያዘነብላል፣ 12 ዲግሪ ካዘነበለ አክስለሬሽኑ 2.1 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ነው፣ በ40 ሰከንድ ሲባዛ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ይሰጥሃል፣ አፍንጫው ከመሬት ሲነሳ ግን አቁም፣ ከዛ በኋላ ማዘንበሉ ስለሚገባበት ቁጥሩ ይበላሻል። ካገኘኸው ቁጥር ጎን የዚያኑ ሰከንድ የጂፒኤስ ፍጥነት ጻፍና ሁለቱንም አውጣቸው፣ አብረን እናያቸዋለን።